ከፍትፍቱ ፊቱ

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ስለ ሽያጭ አገልግሎትና ስለ ደንበኛ አቀባበል የቀረበ ንግግር







በእንዲህ ያለ በዓል ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ መጋዘን፣ ስለ ጭነት መኪና፣ ስለ ካፒታልና ስለ አባላት ብዛት ነው። መነገሩም ተገቢ ነው። አባላት ከኪሳቸው ባዋጡት ዕጣ የተጀመረ ሥራ እዚህ መድረሱ ሊመሰገን ይገባዋል። ይህ ንግግር ግን በሪፖርት ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ያልተሰጠውን ነገር ያነሣል። አንድ አርሶ አደር ወደ መሠረታዊ ማኅበሩ መስኮት ቀርቦ ሲቆም፣ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ሠራተኛ በምን ዓይን ያየዋል? በምንስ ቃል ይመልስለታል?

አባቶች «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። ተረቱ የተተረተው ስለ ግብዣ ነው። ቅቤ የጠገበ ፍትፍት አቅርቦ ፊቱን ያጠቆረ ባለቤት እንግዳውን አበላው እንጂ አላስተናገደውም። ኅብረት ሥራ ማኅበራት ብዙ ጊዜ ፍትፍቱ አላቸው። ሚዛናቸው የተፈተሸ ነው፤ ዋጋቸው ከነጋዴው አይከፋም፤ ትርፍ ከተገኘም ዓመቱ ሲዘጋ ክፍፍል አለ። በየቦታው ቅሬታ የሚያስነሣው የፊቱ ነገር ነው።

በአማርኛ «ደንበኛ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። ከአንድ ቤት እየተመላለሰ የሚገዛ ሰው ደንበኛ ይባላል። ትክክለኛውና ደንቡን የጠበቀው ነገርም ደንበኛ ይባላል፤ «ደንበኛ እርሻ»፣ «ደንበኛ ሥራ» እንደሚባለው። በሕዝቡ አነጋገር እንግዲህ ተመላልሶ መምጣትና ትክክለኛነት በአንድ ስም ይጠራሉ። ሌላም ቃል አለ። ገበያ ወጥቶ በቁና ወይም በጣሳ የገዛ ሰው፣ ተሰፍሮ ሲያበቃ «እስቲ መርቂልኝ» ይላል። ሻጯም እፍኝ ታክልለታለች። ያቺ እፍኝ «ምርቃት» ትባላለች፤ የሽማግሌ ቡራኬ በሚጠራበት በዚያው ስም። በማኅበር ሚዛን ላይ እንዲህ ያለ እፍኝ መጨመር አይቻልም። ቆጠራ ሲደረግ ጉድለቱ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ላይ ይመጣል። ስለዚህ የማኅበር ሠራተኛ ሊመርቅ የሚችለው በአንደበቱ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ በቆጠራ ጊዜ አይጎድልም።

የሰሜን ሸዋ ሕዝብ ለንግድ እንግዳ አይደለም። ከአንኮበር ተዳፋቱን ይዞ ወደ ታች ሲወረድ አልዩ አምባ ይገኛል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ዛሬ 180 ዓመት አልፎታል፣ አልዩ አምባ ደገኛውና ቆለኛው፣ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ሐረሪው የሚገናኙበት ትልቅ የሸዋ ገበያ ነበር። ከታጁራ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ የግመል ቅፍለት ጭነቱን የሚያራግፈው እዚያ ነው። ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1842 በአልዩ አምባ ተቀምጦ ያየውን በመጽሐፍ አሳትሟል። በዚያ ገበያ የሰው ልጅም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ይህ ሊሸሸግ አይገባውም። ከዚያ ነውር ባሻገር ያለው ንግድ ግን እንዴት ይካሄድ እንደነበረ ማሰብ ይጠቅማል።

በዚያን ጊዜ መገበያያው አሞሌ ጨው ነበር። ጠርዙ የተሸረፈ ወይም ዝናብ ያገኘው አሞሌ ዋጋው ይወርዳል። ማርያ ቴሬዛ ብር የተከፈለው ሰው ደግሞ በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉትን የጌጥ ነጥቦች ሳይቀር እየመረመረ ነበር የሚቀበለው። ሻጭና ገዢ ቋንቋቸውም ሃይማኖታቸውም ይለያያል። ያ የአፋር ነጋዴ በሚቀጥለው ዓመት ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ እንደገና እንዲመጣ የሚያደርገው ምንድን ነው? ጨውን ሌላ ቦታም መሸጥ ይችላል። የሚመልሰው በእንግድነቱ የገጠመው አቀባበል ነው። ንጉሡም ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። በኅዳር 1834 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1841) ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሐሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲዋዋሉ፣ በሸዋ የሚሞት የውጭ አገር ሰው ንብረት ለቤተ መንግሥት ይወረስ የነበረበትን ልማድ አስቀርተዋል። ንብረቱ የሚያሰጋው ነጋዴ ሁለተኛ አይመለስምና።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1837 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1844)፣ ሮችዴል በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ሸማኔዎች የሚገኙባቸው 28 ሰዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንዲት አነስተኛ ሱቅ ከፈቱ። የዛሬዎቹ የኅብረት ሥራ መርሆዎች የሚቀዱት ከእነርሱ ነው። በሱቃቸው የነበረው ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ የአጃ ዱቄትና ጥቂት ሻማ ብቻ ነበር። በዚያን ዘመን ለሠራተኛው የሚሸጥ ዱቄት ባዕድ ነገር የሚቀላቀልበትና ሚዛኑም የሚጎድልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሮችዴሎች ንጹሕ ዕቃ በሙሉ ሚዛን እንሸጣለን አሉ። ዱቤ ግን አንሰጥም፣ በእጅ በእጅ ነው አሉ። ይህ ነገር ለኋላው ስለሚያስፈልግ ይያዝ። ማኅበር ዱቤ ካልሰጠ፣ ነጋዴው በዱቤ የሚይዘውን ሰው እርሱ በሌላ ነገር መያዝ ይኖርበታል።

በአገራችን ደግሞ የቆየ ጠባሳ አለ። ዕድሜያቸው የገፋ አባላት በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህል በኮታ ይሰበስብ የነበረበትን ጊዜ አይረሱትም። ዋጋው በመንግሥት የተቆረጠ ነው። መጠኑ በገበሬ ማኅበሩ ላይ የተደለደለ ነው። ያልደረሰለት ሰው ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክብ ነበር። ይህ አሠራር የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ለብዙ አዛውንት «ማኅበር» የሚለው ቃል መጀመሪያ የሚያስታውሳቸው የሚመረቁበትን ሳይሆን የሚታዘዙበትን መስኮት ነው። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ሲወጣ፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ሲተካ፣ ማኅበር በፈቃደኝነት የሚገባበትና የሚወጣበት፣ እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ያለው የአባላት ንብረት መሆኑ በሕግ ተጻፈ። በሕግ የተጻፈው በአዛውንቱ ልብ የሚጻፈው ግን በመስኮቱ ላይ በሚገጥማቸው ነገር ነው። አንድ የተቆጣ ወጣት ሠራተኛ ያን ሁሉ ዘመን በአንዲት ቃል ሊመልሰው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መምጣት ይቻላል። መሠረታዊ ማኅበር ከአባሉ ጋር በዓመት ሁለት ጊዜ በትልቁ ይገናኛል። በሰኔ ገደማ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያከፋፍለዋል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ እህል ይገዛዋል። እነዚህ ሁለት ግንኙነቶች አንድ አይደሉም። በሰኔ አርሶ አደሩ ምርጫ የለውም። ማዳበሪያው የሚገኘው ከዚያው መስኮት ነውና ቢቆጡትም ይቆማል፤ «ነገ ና» ቢሉትም ነገ ይመጣል። በጥር ግን ገብሱ የራሱ ነው፤ ምርጫውም የእርሱ ነው።

አንድ የባሶና ወራና አርሶ አደርን በዓይነ ሕሊና መመልከት ይበቃል። ዕድሜው ወደ ስድሳ ይጠጋል። ሌሊት ተነሥቶ አህያውን ነድቶ ሦስት ሰዓት ተጉዞ ደርሷል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ የሰኔ ጧት ብርዱ አጥንት ይገባል። ተሰልፎ ቆይቶ ተራው ሲደርስ፣

«ስም!» ይላል ከውስጥ ያለው ልጅ፣ ቀና ሳይል።

ስሙን ይነግረዋል።

«ደረሰኝህ የታለ?»

«ይኸው ልጄ።»

«ይሄ የዩሪያው ነው። የኤንፒኤሱን አምጣ። ቀጣይ!»

«ልጄ፣ ያን ጊዜ የሰጣችሁኝ ይህን ብቻ…»

«ነገ ና አልኩህ እኮ! ሰው አታስቁም!»

ሠራተኛው የተናገረው ሐሰት አይደለም። ደረሰኙ በእርግጥ አንድ ነው። መዝገብ ገልጦ ማየት ግን ሁለት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። አንቱ ሊባል የሚገባው ሰው በልጆቹ እኩዮች ፊት አንተ ተብሏል፤ አህያዋም ባዶዋን ትመለሳለች። «ነገ ና» ማለት ለሠራተኛው አንዲት ቃል ናት። ለአርሶ አደሩ ግን ስድስት ሰዓት መንገድና ሳይታረስ የሚውል አንድ የሰኔ ቀን ነው። በሰኔ አንድ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ድካምም ይታሰብ። በበጋ ከቤት ቤት ዞሮ፣ በማሳ ላይ አሳይቶ፣ ሦስት ወር ሙሉ ያሳመነውን ሰው የመስኮቱ ሠራተኛ በሦስት ደቂቃ ያቀዘቅዘዋል።

ሰኔ አለፈ፤ ክረምቱም ወጣ። ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ገባ። በጥር ያው አርሶ አደር አምስት ኩንታል ሊሸጥ ተነሣ። የማኅበሩ መጋዘን ክፍት ነው። ነጋዴውም በመንገዱ ዳር መደብሩን ከፍቷል።

«ጋሼ! እንዴት ከረሙ? ከብቱ ሁሉ ደህና? የልጅቷ ትምህርት ምን ደረሰ? አረፍ ይበሉ እንጂ! አንቺ፣ ሻይ አምጪላቸው!»

ነጋዴው ስሙን ያውቃል፤ የልጁን ትምህርት ያውቃል። በነሐሴ እህል ሲያልቅ ዱቤ ሰጥቶታል። ሚዛኑ ግን በኩንታል ሁለት ኪሎ ይበላል እንበል። በአምስቱ ኩንታል ዐሥር ኪሎ ገብስ ሄደ ማለት ነው። አርሶ አደሩ ይህን አያውቅም ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። ገበሬ የኩንታሉን ክብደት በትከሻው ያውቀዋል። ባለቤቱም ማታ ትነግረዋለች። የሚመልስላት መልስ አጭር ነው፤ «እሱ እንኳ ሰው ብሎ አስቀምጦኛል።»

ዐሥሩ ኪሎ የክብር ዋጋ ሆኖ ተከፈለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፣ ያ ሠራተኛ በሰኔ የተናገረውን በማግሥቱ ረስቶታል። አርሶ አደሩ ግን ሰባት ወር ይዞት ከርሞ መልሱን በገብሱ ሰጠ።

ይህ የአንድ ሰው ቅሬታ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። ነገር ግን ዩኒየን ከዱቄት ፋብሪካ ወይም ከቢራ ፋብሪካ ጋር ውል ሲገባ ይህን ያህል ኩንታል አቀርባለሁ ብሎ ነው። አባሉ ወደ ነጋዴው ከሄደ ውሉ ይጎድላል። መኪናው ግማሽ ጭኖም ነዳጁ ያው ነው፤ የጥበቃው ደመወዝና የመጋዘኑ ወጪም ያው ነው። ወጪው በጥቂት ኩንታል ላይ ሲከፈል ትርፉ ይሳሳል። በዓመቱ መጨረሻ የትርፍ ክፍፍሉ ቀንሶ ሲነገር ያው አርሶ አደር በጉባኤው ላይ «ድሮስ ከማኅበር ምን ይገኛል?» ይላል። ከዚያ ወዲያ ነጋዴው ዋጋ ለመጨመርም ሆነ ሚዛን ለማስተካከል የሚያስገድደው የለም። ማኅበሩ ለገበያው ልጓም ነበር፤ ልጓሙ ከላላ ጉዳቱ አባል ላልሆነውም ይተርፋል።

ማዳበሪያ እጥረት ሲኖርስ? ይህ ከሁሉ የሚከብደው ጊዜ ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ንሮ፣ ጭነቱም ዘግይቶ፣ አርሶ አደሩ ብዙ ተንገላቷል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ በክልሉ የማዳበሪያ ጥያቄ ያነሡ አርሶ አደሮች እስከ ባሕር ዳር ድረስ መሄዳቸው ይታወሳል። ያን ጊዜ የመስኮቱ ሠራተኛ በእጁ የሌለውን ሊሰጥ አይችልም ነበር። ሊሰጥ የሚችለው እውነቱን ነው፤ በብዙ ቦታ ያም ጎደለ። ያልደረሰውን ደርሷል፣ ቀኑ ያልታወቀውን ሰኞ ይመጣል እያሉ ሰውን በተስፋ ማመላለስ ከእጥረቱ ይልቅ ያስቆጣል። «እስካሁን አልደረሰም፤ ቀኑን አላወቅነውም፤ ሲደርስ በቅዳሴ መውጫና በዕድር እናስነግራለን፤ ያለ ወሬ አይምጡ» ቢባል አርሶ አደሩ ያዝናል እንጂ አይቀየምም። ቢያንስ በሬውን ፈትቶ አይመጣም። በልግ በሚዘራባቸው የአንኮበር ደጋ ቀበሌዎች ይህ ወሬ ከጥር ጀምሮ መነገር ይኖርበታል፤ የዞኑን የመኸር ዕቅድ ብቻ እያዩ እነርሱን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው።

በጥር በኩል ደግሞ የራሱ ፈተና አለ። ሐበሻ ቢራ በ2007 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአካባቢው የብቅል ገብስ ነገር ብዙ ይነገራል። ብቅል ፋብሪካ ያየውን ገብስ ሁሉ አይቀበልም። እርጥበቱ የበዛውን፣ ፍሬው የቀጨጨውንና የተቀላቀለውን ይመልሳል። ሲወቃ የተሰበረውን ወይም ዝናብ አግኝቶት የመብቀል ኃይሉን ያጣውንም እንዲሁ፤ የማይበቅል ገብስ ብቅል አይሆንምና። ፕሮቲኑ የበዛም አይፈለግም፤ ይህ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ዩሪያ ከመጠን በላይ ሲጨመር ወይም ዘግይቶ ሲበተን ነው። አርሶ አደሩ ግን ዓመት የደከመበትን ገብስ ይዞ ነው የቆመው። «አይሆንም፤ አውርድ!» ከተባለ፣ ገብሱ ብቻ ሳይሆን እርሱም የተጣለ ይመስለዋል። ያው ውሳኔ በሌላ መንገድ ሊነገር ይችላል። እፍኝ ገብስ በመዳፍ ይዞ ከቀጨጨው ጋር ደህናውን ማሳየት፣ የእርጥበት መለኪያው የሚያሳየውን ቁጥር ማንበብ፣ «ይህን ሁለት ቀን ፀሐይ አስነክተው ቢመልሱት ይገባል» ወይም «ይህ ለብቅል ባይሆንም ለምግብ ገብስ በዚህ ዋጋ እንገዛዎታለን» ማለት። ዘንድሮ ተመላሽ የሆነበትን ምክንያት በዓይኑ ያየ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ዩሪያውን በጊዜው ይበትናል። እንዲህ ያለው ማስረዳት ከስልጠና አዳራሽ ይልቅ ልብ ውስጥ ይቀራል፤ አበልም አይጠይቅም።

ሚዛኑን ማሳየትም የአክብሮት ክፍል ነው። ብዙ መጋዘን ውስጥ የሚዛኑ ፊት ወደ ሠራተኛው ዞሮ ይቀመጣል። ሠራተኛው ታማኝ ነው እንበል፤ አርሶ አደሩ ግን የሚያየው የሠራተኛውን ጀርባ ነው። ሚዛኑን ወደ ባለ እህሉ ማዞር፣ ከመጫኑ በፊት ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን ማሳየት፣ ለጆንያው የሚቀነሰውን በቃል መናገር፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ደረሰኙን ድምፅ ከፍ አድርጎ ማንበብ ይገባል። ነጋዴው በሻይ የሚሸፍነውን ማኅበሩ በግልጽ ቢያሳየው ልዩነቱን አርሶ አደሩ ራሱ ያወጣዋል።

የሴት አባላት ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች፣ በራሷ ስም ዕጣ የገዛች አባል ወደ መስኮቱ ስትቀርብ «ባልሽን ላኪው» የምትባልበት ቦታ ዛሬም አለ። ይህ ስድብ ነው፤ ተናጋሪው ስድብ መሆኑን አለማወቁም ስድብነቱን አያስቀረውም። እርሷ እንደ ማንኛውም አባል አንድ ድምፅ ያላት የማኅበሩ ባለቤት ናት። በሰልፍ መካከል ልጅ አዝላ የቆመችን እናት ማስቀደም ሕግ አይጠይቅም፤ ባህሉ ግን ያዛል። ማንም ተሰላፊ በዚህ ሲቆጣ አይታይም።

ደብረ ብርሃን ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ከልዩ ልዩ ቦታ የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖችን አስጠግታለች። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ በቀረበ ጊዜም የዞኑ ሕዝብ ራሱ መፈናቀልን አይቶታል። ከእነዚህ ወገኖች አንዱ ዘይት ወይም ዱቄት ሊገዛ ወደ ሸማቾች ሱቅ ሲመጣ የሚያውቀው ሰው የለም፤ አነጋገሩም ሊለይ ይችላል። ነጋዴው ስሙን የሚያውቅለት ሰው ገና አይደለም። እርሱን እንደ አልዩ አምባው ባለ ግመል እንግዳ ብሎ መቀበል ለማኅበር ሠራተኛ ትልቅ ወጪ አይሆንበትም።

የሠራተኛውን ጉዳይ ሳያነሡ ይህን ሁሉ በእርሱ ላይ መጫን ግን ፍትሐዊ አይደለም። በሰኔ ያ ልጅ ብቻውን ነው። ይጽፋል፣ ገንዘብ ይቀበላል፣ ቁልፍ ይይዛል፣ ከጫኝ ጋር ይጨቃጨቃል። ከሌሊት ጀምሮ የተሰለፈው ሰው ብርዱን በእርሱ ላይ ይወጣል፤ ተራ የሚዘልልና ስድብ የሚወረውር አባልም አይጠፋም። ምሳ ሳይበላ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ፈገግታ ቢያጣ አይደንቅም። የሥራ አመራር ኮሚቴው በዚያ አንድ ወር ተኩል ሁለተኛ ሰው ቢመድብለት፣ ቀበሌዎቹን በየቀኑ ቢከፋፍልለት፣ ለተሰላፊው ሁለት አግዳሚ ወንበርና ከዝናብ የሚያስጠልል ቆርቆሮ ቢሠራ፣ አብዛኛው ቁጣ ሳይነሣ ይቀራል። ጨዋነት በሆድና በእግርም ላይ ይቆማልና።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሰልፉን የሚያበላሸው የጓሮው በር ነው። ሁለት ሰዓት የቆመ አርሶ አደር የኮሚቴው ሊቀ መንበር ዘመድ ወይም የወረዳ ኃላፊ የላከው ሰው በጓሮ ገብቶ ማዳበሪያውን አስጭኖ ሲወጣ ካየ፣ ከዚያ በኋላ በመስኮቱ ላይ የሚነገረው «እንደምን ዋሉ» ሁሉ ፌዝ ይሆንበታል። እዚህ የተገኛችሁ የሥራ ኃላፊዎች በዚህ ነገር ከማንም ይልቅ ልትረዱ ትችላላችሁ። አንድ ቀን የወረዳው ኃላፊ ራሱ ዕጣው ያለበት ማኅበር ሄዶ ከአርሶ አደሩ ኋላ ተሰልፎ ቢታይ፣ ወሬው እስከ ማታ ቀበሌውን ሁሉ ያዳርሳል።

ቅሬታ መስሚያ ተብሎ የሚሰቀለው የአስተያየት ሳጥንም አለ። በብዙ ቦታ ሳጥኑ ተቆልፎ ቁልፉ የት እንዳለ አይታወቅም። ቢከፈትም መጻፍ ከማይችል አባል ምን ይገኛል? በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የስልክ መስመር ለአርሶ አደሩ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም በነጻ ለማሰማት ታስቦ የተዘረጋ ጥሩ ነገር ነው፤ ቴክኖሎጂ ይረዳል። የተቀዳ ድምፅ ግን «አምና የታመመው በሬ ተሻለው?» ብሎ አይጠይቅም። ነጋዴው የሚጠይቀው ይህን ነው።

ቅሬታውን ለማወቅ ሌላ መንገድ አለ፤ ወጪም የለበትም። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ሁለት መዝገብ አለው። አንዱ በሰኔ ማዳበሪያ የወሰዱ አባላት ስም ያለበት ነው። ሁለተኛው በጥር እህል የሸጡ አባላት ስም ያለበት ነው። የቁጥጥር ኮሚቴው ከሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ያስተያያቸው። በመጀመሪያው መዝገብ ኖረው በሁለተኛው የሌሉ ስሞች ይወጣሉ። ከእነዚያ መካከል ምርቱ ያልደረሰለት ይኖራል፤ በዱቤ የተያዘም ይኖራል። ከቀሩት ከዐሥሩ ወይም ከሃያው ቤት ኮሚቴው በእግሩ ይሂድና ቡና ሲፈላ ቁጭ ብሎ ይጠይቅ። ወቀሳ ይዞ አይሂድ። የመስኮቱ ሠራተኛም አብሮ ይሂድ፤ ስማቸውን እዚያው ይወቅ። መዝገቦቹ ሁለቱም በየማኅበሩ መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ፤ የዘንድሮው እህል ርክክብም ሩቅ አይደለም።